ዳማከሴው ባክቴሪያውን አሸነፈ፤ ታዲያ ለምን መድኃኒት አልሆነም?

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቅጠልና ሥር ናቸው። ከባሕር ዳር፣ ከዘጌ፣ ከጣና ዙሪያ። ማይክሮባዮሎጂ ላብ ውስጥ ዓመታት ስላሳለፍኩ እነዚህን ደብዳቤዎች ሳነብ ደስ ይለኛል። አንዱ ግን አስደንግጦኛል፤ እሱን ሁለተኛ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ከእናቴ ጓሮ ዳማከሴ ቆርጬ፣ ጥላ ላይ አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በሜታኖል (አንድ የአልኮል ዓይነት ነው) ዘፍዝፌ ኤክስትራክት፣ ማለትም ከቅጠሉ የወጣውን ንጥረ ነገር፣ አወጣሁ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ላይ ስሞክረው 14 ሚሊ ሜትር ዞን (ባክቴሪያው ያልበቀለበት ቀለበት) ሰጠኝ። ኢ. ኮላይ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ላይ ግን ምንም። አማካሪዬ «ይሄ ብቻውን ብዙ አይናገርም» አሉኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። እኛ ቤት ምች ሲመታን የሚያድነን ዳማከሴ ነው። ባክቴሪያውንም ሲገድለው በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ምን ቀረው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አትዘኚ። 14 ሚሊ ሜትር የሚያሳፍር ውጤት አይደለም። አማካሪሽ ያሉሽም እውነት ነው፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ጠዋት ኢንኩቤተሩን (ባክቴሪያው በሙቀት የሚያድግበትን ሣጥን) ከፍተሽ ፕሌቱን (ክቡን ሳህን) ያነሳሽበትን ደቂቃ አስታውሺ። ባክቴሪያው ሚዲያውን፣ ማለትም የሚያድግበትን ምግብ፣ በሙሉ ሸፍኖታል፤ ፈዛዛ ቢጫ ቅባት በስሱ የተቀባ ይመስላል። መሃል ላይ ያቺ 6 ሚሊ ሜትር የምታህል ክብ ወረቀት አለች፤ ኤክስትራክቱን ጠጥታ ጠቁራለች። ዙሪያዋ ደግሞ ምንም ያልበቀለበት የጠራ ቀለበት። ፕሌቱን ገልብጠሽ ማስመሪያ ከጀርባው አስጠግተሽ ስትለኪ እጅሽ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም። የኔ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቀለበቱ የሚነግርሽ ይህን ነው፦ ከወረቀቷ ወጥቶ ሚዲያው ውስጥ መጓዝ የቻለና የባክቴሪያውን እድገት የገታ ነገር አለ። ከዚያ አያልፍም። «ገደለው» ለማለት እንኳ ገና ነሽ። ባክቴሪያው ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ ማደግ አቁሞ ተኝቶም ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ካላደገበት ቦታ ወስደሽ ኤክስትራክት የሌለው አዲስ ሚዲያ ላይ መዝራት አለብሽ። በቀለ? እንግዲያው አልሞተም ነበር።

ደግሞ የቀለበቱ ስፋት በዳማከሴው ብቻ የሚወሰን እንዳይመስልሽ። ሚዲያው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ቀጭን አድርገሽ ካፈሰስሽው ቀለበቱ ይሰፋል፣ ካወፈርሽው ይጠብባል። የባክቴሪያው ብዛትም እንዲሁ ነው። ከ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ ነው) ጋር አስተያይተሽ ካላስተካከልሽው፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ካላደረግሽው፣ የዛሬው 14 ነገ 18 ወይም 10 ሊሆን ይችላል። ወረቀቷ ላይ ስንት ሚሊ ግራም እንዳረፈም መጻፍ አለብሽ። ከሲፕሮፍሎክሳሲን ዲስክ፣ ማለትም አንቲባዮቲክ ከያዘ ክብ ወረቀት፣ ጋር አወዳድረሽ ከሆነ እሱ የያዘው 5 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ግራም 1,000 ማይክሮ ግራም መሆኑን አትርሺ። የሁለቱን ቀለበት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ዳማከሴ ከሲፕሮ ጋር ተቀራረበ» ብሎ መጻፍ ደግ አይደለም። እንዲህ የተጻፈ ብዙ ወረቀት አንብቤያለሁና ነው የምነግርሽ።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ሥር ኤክስትራክት 20 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዞን ሰጠኝ። ላቡን በእልልታ ልሞላው ደርሼ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ባዶውስ ስንት ሰጠ?» አለችኝ። ባዶው ማለት ኤክስትራክት የሌለበት፣ ሜታኖል ብቻ የነካው ዲስክ ነው። እኔ እሱን አላስቀመጥኩም ነበር። በማግስቱ ደገምኩት። ባዶው ዲስክም ቀለበት ሠራ! ለካ ዲስኮቹን በደንብ ሳላደርቅ ነው ሚዲያው ላይ ያኖርኳቸው፤ ባክቴሪያውን ያጠቃው ሜታኖሉ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ሥራ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማየው ባዶውን ነው። ያንቺ ባዶ ዲስክ ምን ሰጠ? በደብዳቤሽ አልጻፍሽም።

ቀጣዩ ሥራሽ ባክቴሪያውን የሚገታውን ትንሹን መጠን መፈለግ ነው። ኤክስትራክቱን በፈሳሽ ሚዲያ ውስጥ በግማሽ በግማሽ እያቀጠንሽ ሂጂ፦ 100 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር፣ 50፣ 25፣ 12.5 እያልሽ። ሁሉም ውስጥ እኩል ባክቴሪያ ጨምሪ። በማግስቱ የደፈረሰው አድጓል፣ ጥርት ያለው አላደገም። ጥርት ካሉት መካከል ከሁሉም የቀጠነው የምትፈልጊው ቁጥር ነው። ኤክስትራክትሽ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ለማየት ካስቸገረሽ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ሲኖር ቀለሙን የሚቀይር ማቅለሚያ ጨምሪበት፤ ላባችሁ ውስጥ ካለ ሬሳዙሪን ይሆናል።

ይህን ቁጥር የፈለግሁት ለምን መሰለሽ? 25 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር አገኘሽ እንበል። የአንድ አዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ደሙ ውስጥ ያንን ያህል ለማድረስ 125 ግራም የደረቀ ኤክስትራክት ሊገባበት ነው። ቅጠሉማ ከዚያ እጅግ ይበዛል። ይህን ሰው ላይ አናደርገውም። ቆዳ ላይ ለሚቀባ ነገር ግን ያው ቁጥር ተስፋ ሊሰጥ ይችላል፣ ቅባት ውስጥ ብዙ ኤክስትራክት ማስገባት ይቻላልና። ያም ቢሆን የሰውን ሕዋስ የማይጎዳ መሆኑ መታየት አለበት። በረኪናም እኮ ፕሌት ላይ የሚያምር ቀለበት ይሠራል።

ኢ. ኮላይ ምንም አለመሆኑ አያስገርምም። እሱ ግራም ኔጋቲቭ ከሚባሉት ወገን ነው። ከግድግዳው ውጭ ሌላ የስብ ሽፋን ደርቧል፣ ብዙ የዕፅዋት ውህዶች እዚያ ላይ ይቀራሉ። ስታፊሎኮከስ ይህ ሽፋን የለውም። «ኢ. ኮላይ ላይ አልሠራም» የሚለውንም ሳትደብቂ ጻፊው፤ እሱም ውጤት ነው።

አሁን ወደ ምች ልምጣ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ እሱ ነው። እናትሽ ዳማከሴ ጨምቀው የሚሰጧችሁ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ላብና ብርድ ብርድ ሲላችሁ ነው አይደል? አንዳንዴም ከንፈር ዳር ቁስል ይወጣል። ያ የከንፈር ቁስል በአብዛኛው የሚመጣው ሄርፒስ ከሚባል ቫይረስ ነው፤ ባክቴሪያ አይደለም። ፕሌትሽ ላይ ቫይረስ የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ራስ ምታት የለም። ዳማከሴው ትኩሳቱን አውርዶ ወይም ሕመሙን አስታግሶ ከሆነ የረዳችሁ፣ እሱን በዲስክ ፈልገሽ አታገኚውም፤ ሌላ ዓይነት ሙከራ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ 14 ሚሊ ሜትሩ የእናትሽን ሙያ አያረጋግጥም። ዜሮ ብታገኚ ኖሮም አያፈርሰውም ነበር።

ሌላው፣ ሙከራውን ሦስት ጊዜ ድገሚው። የባክቴሪያውን መለያ ቁጥር ጻፊ፤ ላቦች የሚጋሩት መደበኛው ኤቲሲሲ 25923 ነው ወይስ ከታካሚ የተወሰደ? ከቆረጥሽበት ተክልም አንድ ቅርንጫፍ ከነአበባው በጋዜጣ መሃል ተጭነሽ አስቀምጪ። አንዱ ስሚዛ የሚለውን ሌላው ሰንሰል ይለዋል፣ ተክሉ ያው አንድ ነው። ያስቀመጥሽው ቅርንጫፍ ካለ ስሙ ቢለያይም አንቺ የሞከርሽው የትኛው እንደሆነ ማንም ያውቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጣና ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው። እግሩን ሚስማር ወጋው። ነጭ ሽንኩርትና ቅጠል ወቅጠን አሰርንለት። ባለፈው እንዲህ አድርገን ድኖ ነበር። አሁን ግን እግሩ አብጦ ቀልቷል፣ ሌሊት ያተኩሰዋል። ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያ ይገድላል ብለው ጽፈው ስላነበብኩ ነው፤ መጠኑን ልጨምር? (ከዘጌ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ «ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት» ብዬ መልሼልዎታለሁ። እዚህ የማትመው ሌሎችም እንዲያነቡት ነው።

መጠኑን አይጨምሩ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲቆይ ያቃጥላል፤ ውሃ የቋጠረ እውነተኛ ቃጠሎ ነው የሚያመጣው። አዎ፣ ጽፌያለሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ፕሌት ላይ ጎበዝ ነው። ግን ፕሌት ላይ ያለው ባክቴሪያ ሜዳ ላይ የተሰጣ ነው። የባለቤትዎ እግር ውስጥ ያለው ሚስማሩ ባበጀው ጠባብ ጉድጓድ ገብቶ ሥጋ ውስጥ ተደብቋል፣ የተቀባው ነገር አይደርስበትም። በዚያ ላይ ከጓሮ የተቆረጠ ቅጠል አፈር ይዞ ይመጣል፣ አፈር ውስጥ ደግሞ የቴታነስ ዘር አለ። ቴታነስ እንዲህ ዓይነት ጠባብና ጥልቅ ቁስል ይወዳል። መንጋጋ መግጠም ከጀመረ በኋላ ማዳን ከባድ ነው፣ ክትባቱ ግን ቀላል ነው። ትኩሳት፣ እብጠት፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር፣ ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው ቅጠል ፍለጋ አይሂድ።

ጥያቄ፦ ተመራማሪዎች ቅጠሉን በሜታኖል ይዘፈዝፋሉ ይባላል። እናቴ ሜታኖል አታውቅም፤ ወይ ትጨምቀዋለች ወይ ታፈላዋለች፣ አንዳንዱንም በአረቄ ትዘፈዝፋለች። ታዲያ የሚፈተነው የማን መድኃኒት ነው? ደግሞስ ማፍላት ይሻላል መዘፍዘፍ? (አንድ አንባቢ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ጥያቄዎን ሳነብ ወንበሬን አስተካክዬ ነው የተቀመጥኩት። ብዙ ጊዜ ተመራማሪው የሚፈትነው የእናትዎን መድኃኒት ሳይሆን የራሱን ነው። ሜታኖል ውሃ የማያወጣቸውን ብዙ ውህዶች ከቅጠሉ ያወጣል፤ አንድ ነገር መኖር አለመኖሩን ለማሰስ ጥሩ ነው። ግን መርዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። ላብ ውስጥም ዝቅ ባለ ሙቀት ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ እናስወጣዋለን እንጂ ማንም እንዲህ አዘጋጅቶ አይጠጣም። የእናትዎን ሙያ መፈተን የሚፈልግ ሰው እናትዎ እንዳደረጉት ማድረግ አለበት፦ በጭማቂ፣ በፍል ውሃ፣ በአረቄ፣ ሦስቱንም ለየብቻ። አረቄውም ቢሆን ዝም ብሎ አልተመረጠም፤ አልኮል ውሃ የማያወጣውን ያወጣል።

ማፍላት ወይስ መዘፍዘፍ ላሉት፣ ተክሉ ነው የሚወስነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ የኛ አሪቲ ዘመድ ከሆነ ተክል የወባ መድኃኒት ሲፈልጉ ውጤቱ አንዴ እሺ አንዴ እምቢ ይላቸው ነበር። አንድ ጥንታዊ የቻይና የሕክምና ጽሑፍ ሲያነቡ ተክሉ በውሃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ እንደሚጠጣ አዩ፤ ይፈላ አይልም። ሙቀቱ ሳይሆን አይቀርም የሚያበላሸው ብለው እ.ኤ.አ. በ1971 በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ኢተር የሚባል ፈሳሽ አወጡት። ሠራ። አርቴሚሲኒን እንዲህ ነው የተገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አሰጥቷቸዋል። አንድ መስመር የአያቶች ጽሑፍ በደንብ ስለተነበበ ነው፤ እኔ ይህን ታሪክ ባወራሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ነጭ ሽንኩርትም የራሱ ጠባይ አለው። ሙሉው ፍሬ ውስጥ አሊሲን፣ ባክቴሪያውን የሚያጠቃው ነገር፣ የለም ማለት ይቻላል። ሲወቀጥ ነው አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው፣ ያ ሽታ የሚመጣውም ያኔ ነው። ሳይወቀጥ ወጥ ውስጥ ከገባ አሊሲኑን የሚሠራው ኤንዛይም በሙቀት ይሞታል።

ቶሰኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጉልበቱ ያለው በሚተነው ዘይቱ ውስጥ ነው፣ ካርቫክሮልና ቲሞል በሚባሉት። ድስቱን ከፍተው ካፈሉት ቤቱን ያውደዋል፣ ብርጭቆዎ ውስጥ የሚቀረው ግን ይቀንሳል። ክዳን ይድፉበት። እዚህ ላይ የላቡን ድክመትም ልናገር፦ ዘይት ከውሃ ጋር ስለማይስማማ ሚዲያው ውስጥ በቀላሉ አይጓዝም። ስለዚህ ጠንካራ የሆነ ዘይት ጠባብ ቀለበት ሊሠራ ይችላል። ቀለበት ብቻ የሚቆጥር ሰው ያልፈዋል።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ መሆኑንም ይያዙልኝ። ለሻይ ግድ የለውም። ላብ ውስጥ ግን ዕቃን በፈላ ውሃ አጸዳሁ ለሚል ሰው አይበቃም፤ ሚዲያና ዕቃ 121 ዲግሪ አውቶክሌቭ (በግፊት በታመቀ እንፋሎት የሚያጸዳ ዕቃ) ውስጥ መግባት አለበት። ግፊቱን ብቻ አይተው ሙቀቱን የማያዩ ልጆች እዚህ ከተማ ሚዲያቸው እየተበከለ ተቸግረው አይቻለሁ። ቴርሞሜትሩን እዩ።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት የቁስል መድኃኒት አለኝ፤ አንድ ሥር ነው። የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጥተው እንመርምረው አሉኝ። ልስጥ? ከሰጠሁ በኋላ የነሱ ቢሆንስ? አባቴ «ለባዕድ አትንገር» ብለውኝ ነው የሞቱት። (ከጣና ዳር)

መልስ፦ አባቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ማንም «ለሳይንስ ሲሉ» ብሎ ሊያጣድፍዎት አይገባም።

አገራችን ለዚህ ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚለው ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ እውቀት ነው። ዋናው ሐሳቡ እውቀቱ ከመወሰዱ በፊት ባለቤቱ ማኅበረሰብ አውቆ መፍቀድ አለበት፣ ጥቅም ከተገኘም ድርሻው ይሰጠዋል የሚል ነው። ስለዚህ ልጆቹን ይጠይቋቸው፦ ፈቃዱ የታለ? በጽሑፍ ምን ትሰጡኛላችሁ? ውጤቱን ተመልሳችሁ ትነግሩኛላችሁ? የኔና የአካባቢዬ ስም በምን መልክ ይወጣል? ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ተዘጋጅቶ ይምጣ። የጤፍን ነገር ሰምተው ይሆናል፤ የኔዘርላንድ ድርጅት በጤፍ አዘገጃጀት ላይ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር፣ በኋላ እዚያው አገር ፍርድ ቤት ነው ውድቅ ያደረገው። ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

ግን እንዲሰጡ ደግሞ እመኛለሁ፣ ይህንንም አልደብቅዎትም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆመው የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። እንዶድ በዓለም የታወቀው ከዚያ ነው። አጣቢዎቹ ቢደብቁት ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። እርስዎ ዘንድ ያለውም ሥር ቁስል ላይ ለሚወጣ፣ በሆስፒታል መድኃኒት እንቢ ላለ ባክቴሪያ ፍንጭ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። አዲስ ነገር እንፈልጋለን። በወረቀት ተፈራርመው፣ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ይስጡ። ሥሩን ሲቆፍሩም ሁሉንም አይንቀሉት፤ ለሙከራ ጥቂት ይበቃል።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤት ውስጥ ባክቴሪያ አሳድጌ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት መሞከር እፈልጋለሁ። ከእጄ ወይም ከሽንት ቤት ብወስድ ይሆናል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። ከየት እንደመጣ የማታውቀውን ባክቴሪያ በቢሊዮን አባዝተህ እናትህ ወጥ የምትሠራበት ቤት ውስጥ አታስቀምጥ። እሱን ከመምህር ጋር፣ ላብ ውስጥ።

ቤት ውስጥ በእርሾ መጀመር ትችላለህ። እርሾ ባክቴሪያ አይደለም፣ ግን ሕይወት አለው፣ ሰውም አይጎዳም። ከሱቅ ደረቅ የዳቦ እርሾ ግዛ። ዱቄት፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ስኳርና እርሾ አቡካ፤ ሊጡን እኩል እኩል አድርገህ ሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆ ውስጥ ክተት። በአንዱ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ በሌላው የተፈጨ ፌጦ ደባልቅ፣ በእኩል ማንኪያ። ሦስቱንም አንድ ቦታ አስቀምጣቸው፣ አንዱን ፀሐይ ሌላውን ጥላ እንዳታደርግ። በየ15 ደቂቃው የሊጡን ቁመት በማስመሪያ ለክተህ ደብተርህ ላይ ጻፍ። ሦስተኛውን፣ ምንም ያልገባበትን ብርጭቆ እንዳትረሳ። ቁጥሮቹን ላክልኝ፣ እኔም የማየው መጀመሪያ የእሱን ነው።